“የተማረ ይግደለኝ” – ለመሆኑ የተማረ ማነው?

በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንድ ዝግጅት አለው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጆቻችን አንድ በአንድ እየተነሡ ስማቸውንና የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲ ይናገራሉ። እናቶች እልል ይላሉ፣ አባቶች ያጨበጭባሉ። የዩኒቨርሲቲው ስም በገነነ መጠን እልልታውም ይረዝማል። ባለፈው ዝግጅት ላይ ግን አንድ የ18 ዓመት ልጅ ተነሥቶ፣ በተሰባበረ ግን በሚጣፍጥ አማርኛ፣ “እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የልምምድ ሥልጠና ፈተና አልፌ ተቀብለውኛል። አምስት ዓመት ነው” አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከወደ ኋላ አንድ አዛውንት፣ “አይዞህ የኔ ልጅ፣ ኮሌጁም ቀስ ብሎ ይደርሳል” አሉት። አነጋገራቸው ለታመመ ሰው “እግዜር ይማርህ” እንደሚባለው ዓይነት ነበር። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ይነካኩ ጀመር።

እኔም እዚያው ነበርኩ። በሙያዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪም አለኝ። ያ ልጅ ያለፈው ፈተና ምን እንደሚጠይቅ፣ የሚጠብቀውም ሥልጠና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአዳራሹ ከነበረው ሰው ሁሉ ይልቅ የማውቀው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሆኖም አላጨበጨብኩም፤ አንዲት ቃልም አልተነፈስኩም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ዕለት ማለት የነበረብኝን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ለማለት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። “ዩኒቨርሲቲ ጊዜው አልፎበታል” ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የምበላው እንጀራ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያስገኘልኝ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ትችቴ ያነጣጠረው ከዲግሪ በቀር ሌላ የመማሪያ መንገድ የለም በሚለው እምነታችን ላይ ነው። ይህ እምነት በአገር ቤት የትምህርት ሥርዓትም ሆነ በስደት ባሉ ልጆቻችን ላይ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ትችቱም ከራሴ ይጀምራል።

ወደ ኋላ የዞረው ሞተር

ዲግሪዬን ይዤ አገር ቤት በአንድ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጥገና ወጥቶ የነበረ የውኃ ፓምፕ ተመልሶ ተተከለና እንድናስነሣው ታዘዝን። ማስነሻውን ስንጫነው ሞተሩ ዞረ፤ የዞረው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ እኔን ያያሉ፤ “ኢንጂነሩ” እኔ ነኛ! እኔ ንድፉን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበሩት ቴክኒሺያን ተግባረ ዕድ የተማሩና ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ኃይሉን አጠፉ፣ አለመኖሩን በመሞከሪያቸው አረጋገጡ፣ ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ፈትተው አቀያየሩና መልሰው አሰሩ። ሞተሩ በትክክል ዞረ። ነገሩ ሁሉ 10 ደቂቃ አልፈጀም።

የሦስት ፌዝ ሞተር ሁለት መስመሩ ሲቀያየር አዟዟሩ እንደሚገለበጥ አላውቅም ነበር? እንዴት አላውቅም! በፈተና ተጠይቄ፣ በቀመር አስረድቼ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እውቀቱ ግን እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ነበር። በዚያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ዘመኔ አንድም ቀን በሥራ ላይ ያለ ሞተር ፈትቼ አላሰርኩም።

የታሪኩ ግማሽ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ እነሆ። ከወራት በኋላ እኚሁ ጋሼ፣ “ይህ ትልቁ ሞተር ገና ሲነሣ ብሬከሩ ለምን ይወርዳል? ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ብሬከሩም አዲስ ነው” ብለው ጠየቁኝ። ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ የሚደርስ ከረንት እንደሚስብ፣ የተገዛው የብሬከር ዓይነት ደግሞ ይህን የማይታገሥ መሆኑን አስልቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና፣ “ይህን ነገር በዚህ መልክ ያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም” አሉ። እርሳቸው የእኔ እውቀት ተነፍጓቸው ኖረዋል፤ እኔም የእርሳቸው። ሁለታችንንም የበደለን ያው አንድ ሥርዓት ነው፤ ጭንቅላትን ለአንዱ፣ እጅን ለሌላው ያከፋፈለ ሥርዓት። በደመወዝ በኩል ግን በደሉ እኩል አልነበረም። እኔ ከተቀጠርኩባት ዕለት ጀምሮ ከእርሳቸው የበለጠ ይከፈለኝ ነበር።

ንቀቱ ከየት መጣ?

የሚገርመው ነገር፣ ከዐዋቂ እግር ሥር ቁጭ ብሎ እየሠሩ መማር ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። የአብነት ትምህርት ሌላ ምንድን ነው? ተማሪው አገር አቋርጦ ከየኔታ ደጅ ይደርሳል። ቅኔን የሚማረው ስለ ቅኔ በማንበብ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቅኔ እየቆጠረ፣ ለመምህሩ እየነገረ፣ እየታረመ ነው። ድጓ የዘለቀ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የዘለቀ ዙር አምባ ሄዶ ያስመሰክራል። ማስመስከር ማለት እንግዲህ ሙያውን በሚያውቁት ፊት ሠርቶ ማሳየት ነው። ደቀ መዝሙር የሚለው ቃላችን በራሱ ይህንኑ ትስስር የሚናገር ነው።

ታዲያ ለድምፅና ለቃል የሰጠነውን ክብር ለእጅ ነፈግነው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን፣ ማረሻውን፣ ምጣዱንና አጎዛውን ግን ከእነሱው እየገዛን ኖርን። ይህን ያዩ መሪዎች አልጠፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የእጅ ሙያ ያላቸውን የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ሰብስበው፣ የአገር ልጆች ከጎናቸው ሆነው ሙያ እንዲቀስሙ አድርገዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የፈሰሰው እዚያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በዚያው ዓመት የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግን በዋናነት የሚያስተምረው የውጭ ቋንቋ ነበር። አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልግ ስለነበር አይፈረድም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በመጡት ዐሥርት ዓመታት አዋጁ ተረሳ፣ ትምህርት ቤቱ አሸነፈ። “ተማረ” ማለት ቢሮ ገባ፣ እጁ ከአፈርና ከግራሶ ተላቀቀ ማለት ሆነ። “የተማረ ይግደለኝ” የሚለው አባባላችንም የተማረውን ሰው በዚሁ ዓይን የሚያይ ነው።

ጀርመኖች ምን አደረጉ? እኛስ ምኑን ቀዳን?

ስለ ልምምድ ሥልጠና ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው ጀርመንን ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የአሠራሩ ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ መሠረት ወጣቱ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ቀጣሪው ነው። ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፤ አበል ይከፈለዋል። ከሳምንቱ ሦስትና አራት ቀን በሥራ ቦታ፣ አንድና ሁለት ቀን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል። ይህም እንደ ሙያው ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል። ከ300 የሚበልጡ የታወቁ ሙያዎች አሉ፤ ከእነዚህም የባንክ ሠራተኝነት፣ የላቦራቶሪ ሙያና የኮምፒዩተር ሥራ ይገኙባቸዋል። ፈተናውን የሚያዘጋጁት የኢንዱስትሪና ንግድ ወይም የእጅ ሙያተኞች ምክር ቤቶች ናቸው፤ ማለትም ሙያውን ራሳቸው የሚሠሩት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዱ አይዘጋም። ተለማማጁ አድጎ ማይስተር ይሆናል፤ ከ2009 ወዲህም ማይስተር ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። በስዊዘርላንድም ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ዩቢኤስ የተባለውን ግዙፍ ባንክ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት ሴርጂዮ ኤርሞቲ ሥራ የጀመሩት በባንክ ተለማማጅነት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በኋላም በጀርመን መንግሥት እርዳታ ጭምር በ2000ዎቹ የተስፋፋው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በወረቀት ላይ መልካም ነበር። 70 በመቶው ሥልጠና በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም ይሁን ተባለ። በእኔ አስተያየት ግን ሁለት ከባድ ስሕተቶች ተሠሩ።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ነው። በጀርመን ቀጣሪው ይቀድማል፣ ትምህርት ቤቱ ይከተላል። እኛ ዘንድ ኮሌጁ ተማሪውን ይቀበልና፣ ከዚያ በኋላ “እባካችሁ ልምምድ ስጡልኝ” እያለ በየፋብሪካውና በየጋራዡ ደጅ ይጠናል። ፋብሪካው ውል አልፈረመም፤ ልጁን አልመረጠም፤ ነገ እንደሚቀጥረውም አያስብም። ስለዚህ ልጁ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ወይም ሻይ ያመጣል። ደብተሩ ላይ ማኅተም ይመታለታል፤ “70 በመቶው” ተፈጸመ ይባላል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህም ይከፋል። ለረጅም ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ የወደቀው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። በዚህ አኳኋን መንግሥት ራሱ፣ በፖሊሲ፣ ሙያን የወደቀ ሰው መጠለያ አድርጎ አወጀ። ምኒልክ በአዋጅ ሊያጠፉት የሞከሩትን ንቀት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የትምህርት ሥርዓታችን በፈተና ውጤት አጸናው። እስቲ እናስብ፤ ልጁ ገና በ16 ዓመቱ “አንተ ስለወደቅህ ብየዳ ተማር” ከተባለ፣ ብየዳን እንዴት ሊወድ ይችላል?

በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች ከሁለትና ሦስት ተነሥተው ከ40 በላይ ሆኑ። መስፋፋቱን አልነቅፍም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከኩረጃ በጸዳ ሁኔታ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ የተከራከርነው ስለ ፈተናው ጥብቅነትና ስለ ትምህርት ጥራት ነው። ተገቢ ክርክር ነበር። “ታዲያ የቀሩት ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ነገ ጠዋት ተነሥተው የት ይሂዱ?” ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ ወደ ዓረብ አገር፣ አንዳንዱ በሊቢያ በኩል እንደሚሄድ እናውቃለን። አንዱ ብቻ በር ተከፍቶ፣ እሱም ሲዘጋ፣ ሰው በመስኮት ይዘላል።

“በአገራችን ሁኔታ አይሠራም” የሚል ካለ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ አስተዳዳሪውም በብዛት የውጭ ሰው ነበር። ድርጅቱ ግን የሚያስፈልገውን ባለሙያ ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሠልጥኖ፣ ራሱ ቀጠረ። በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ አሠልጣኙ ራሱ ቀጣሪው ነበር። ያልተማረ መካኒክ የጠገነው አውሮፕላን ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ፣ ሥልጠናውን በማኅተም ብቻ ሊያልፈው አይችልም።

እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች

አሁን ወደ አዳራሹ ልጅ ልመለስ። በአሜሪካ የልምምድ ሥልጠና በሕግ የታወቀው በ1937 ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመሆን በብዙ ቦታ የሚጠየቀው ወደ 8,000 ሰዓት የሚደርስ የሥራ ላይ ልምምድና በየዓመቱ የክፍል ትምህርት ነው። ለመግባት የአልጀብራና የንባብ ፈተና አለ፤ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። የገባው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሙሉ ባለሙያውን ደመወዝ ግማሽ ገደማ እያገኘ ይጀምራል፤ በየጊዜውም ይጨመርለታል። ሲጨርስ ሙያ እንጂ ዕዳ አይኖረውም። በአንጻሩ የአሜሪካ የተማሪዎች ብድር ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከጀመሩት መካከል በስድስት ዓመት ውስጥ የሚጨርሱት ከ10 ስድስት ያህሉ ናቸው። ዕዳውን ይዘው ዲግሪውን ሳይዙ የቀሩ ልጆች በመካከላችን የሉም? አሉ። በሰኔው ዝግጅት ላይ ግን ተነሥተው ስማቸውን የሚናገሩበት ጊዜ አልተመደበላቸውም።

ተቃዋሚዎቼ ትክክል የሚሆኑበት

የወላጆቻችን ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም፤ በሐቀኝነት ልናየው ይገባል። ማልኮም ኤክስ በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ ቢል ነጩ መምህሩ አናጺ ብትሆን ይሻልሃል አሉት። “ሙያ ተማር” የሚለው ምክር በዚህ አገር የጥቁር ልጅን ወሰን መከለያ ሆኖ አገልግሏል። ዱ ቦይስ በ1903 ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን የተቹትም ስለዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ያለ አማካሪ ልጃችንን ቀለሙን አይቶ ወደ እጅ ሥራ ሲገፋው ዝም በሉ እያልኩ አይደለም።

ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽታም እንወቅ። የግንባታ ሙያ ማኅበራት ለብዙ ዘመን የልምምድ በራቸውን በጥቁሮች ላይ ዘግተው ነበር። በሩ እንዲከፈት ሰልፍ ተወጥቷል፤ የኒክሰን መንግሥትም በ1969 የፊላዴልፊያ ዕቅድ የተባለውን አውጥቶ በመንግሥት ሥራ ላይ ጥቁር ሠራተኞች እንዲገቡ ግፊት አድርጓል። ርካሽ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ይጠበቅ ነበር? ጥቁር አሜሪካውያን ታግለው ያስከፈቱትን በር፣ እኛ በኋላ መጥተን አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ከሆነ፣ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በጥናት የተደገፈ ነው። ኤሪክ ሃኑሼክና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የሙያ ትምህርት የተማሩ ሰዎች በወጣትነታቸው ቶሎ ሥራ ቢያገኙም፣ ዕድሜያቸው ሲገፋና ቴክኖሎጂው ሲለወጥ አጠቃላይ ትምህርት ከተማሩት ይልቅ ሥራ የማጣት ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ጀርመንም ብትሆን በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶቿ ልጆችን ገና በ10 ዓመታቸው ለይታ በተለያየ ትምህርት ቤት ትመድባለች፤ በዚህም የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ የድሃና የስደተኛ ልጆች ናቸው። ሦስተኛም፣ በአማካይ ሲታይ በአሜሪካ ባለ ዲግሪ የበለጠ ደመወዝ ያገኛል። ይህን ሁሉ አልክድም።

መልሴ አጭር ነው። እነዚህ ተቃውሞዎች የሚነግሩን የልምምድ ሥልጠና መጥፎ መሆኑን አይደለም፤ ጠባብና መውጫ የሌለው ሲሆን መጥፎ መሆኑን ነው። የፋብሪካው ጋሼ የጎደላቸው የመነሻ ከረንቱን ስሌት የሚያስረዳ መምህር ነበር። ያን ቢያገኙ ኖሮ አዲስ ቴክኖሎጂ ባላስፈራቸው። አማካይ ደመወዝም ቢሆን የአንድን ልጅ ዕጣ አይነግረንም። ዲግሪውን ሳይጨርስ የሚቀረው ልጅ በዚያ የባለ ዲግሪ አማካይ ውስጥ አይቆጠርም።

ምን ይደረግ?

ምክር መስጠት ቀላል ነው፤ እኔም የማልሠራውን አልመክርም። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚያስጠኑት ሁሉ፣ ለልምምድ መግቢያው የአልጀብራ ፈተናም ያስጠኑ። ሁለት ሰዓቴን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ሁለተኛ፣ በመካከላችን የራሳቸው የግንባታ፣ የጥገናና የኤሌክትሪክ ድርጅት ያላቸው ወገኖች አሉ፤ ልጆቻችንን በሕጋዊ ተለማማጅነት ይቀበሉ፤ ወላጆችም በሠርጉ ቀን ብቻ ሳይሆን በሥራ ልብሱም ያክብሯቸው። ሦስተኛ፣ ለአገር ቤት ፖሊሲ አውጪዎች ምክር የምንሰጥ ምሁራን፣ ሌላ መቶ ኮሌጅ ይከፈት ከማለታችን በፊት፣ ጥቂት ቀጣሪዎች ከወጣቶች ጋር ውል እንዲፈርሙ፣ አበል እንዲከፍሉና ፈተናውን ራሳቸው ሙያተኞቹ እንዲያወጡ እናሳስብ። ተለማማጁ ሲፈልግ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገርበት ድልድይም ይሠራለት። መሐንዲሱስ? መሐንዲሱም ዲግሪው ከመሰጠቱ በፊት አንድ ዓመት ከእነ ጋሼ ሥር ይዋል።

“የተማረ ይግደለኝ” ያሉት አባቶቻችን ተስፋቸውን በተማረ ሰው ላይ መጣላቸው ትክክል ነበር። የተማረ ማን እንደሆነ መወሰኑ ግን የእኛ ድርሻ ነው። በእኔ እምነት የተማረ ማለት የሚሠራውን የሚያውቅ፣ ለምን እንደሚሠራውም የሚያውቅ ነው። እኔ ግማሹን ይዤ ተመረቅሁ፤ ሌላውን ግማሽ ዲግሪ ከሌላቸው ሰው ተማርኩ። ያ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመማር ከተሰለፉት አንዱ ነው፤ እኛ ግን “አይዞህ” አልነው።

ለአባቱ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። በመጪው ሰኔ እንደ እርሱ ያለ ልጅ ከተነሣ፣ ቀድሞ የሚያጨበጭበው ሰው ከወደ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ቸር ይግጠመን።